የወረስኩት በቀቀን ይነክሰኛል፤ አሳልፌ መስጠት ግን አልፈልግም

የሮቤል እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁም። እስከ ዛሬ ሳነብ እንጂ ስጽፍ አታውቁኝም። ዛሬ ልቤ ስለተረበሸ ነው የመጣሁት።

ሥራዬ አዛውንቶችን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። አራት ዓመት ያህል አንዲት ብቸኛ እናት ጋ ሠራሁ። ልጅ አልነበራቸውም። የነበራቸው አንድ በቀቀን ነው። ግራጫ ሆኖ ጅራቱ ቀይ፣ አፍሪካን ግሬይ የሚሉት ዓይነት። ስሙ ቻርሊ ነው፤ 23 ዓመቱ። ባለፈው መስከረም ሴትዮዋ አረፉ። ሊያርፉ ሰሞን እጄን ይዘው «ቻርሊን አንቺ ውሰጂልኝ» አሉኝ። አደራ የሚለውን ቃል አያውቁትም። ያሉኝ ግን እሱን ነው።

እሳቸው ቤት እያለን ቻርሊ ትከሻዬ ላይ ይቀመጥ ነበር። ፀጉሬን በምንቃሩ ያበጥርልኝ ነበር። እኛ ቤት ከመጣ አምስት ወሩ ነው፤ ሌላ ወፍ ሆነብኝ። ከአሥር ጊዜ በላይ ነክሶኛል። ባለፈው ሳምንት አመልካች ጣቴን አደማው። ዛሬ ደግሞ ቡና እያፈላሁ ሳለ ልጄ ሮቤል በኬጁ ሽቦ መሃል ጣቱን አስገባና ነከሰው። ስድስት ዓመቱ ነው። ልጁ አለቀሰ፣ እኔ ጮህኩ፣ ወፉም ጮኸ። ባለቤቴ «ሰው ፈልጊለት» ብሎኛል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለልጁ ፈርቶ ነው።

መናገር የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት የለበሰውን ጨርቅ ሳነሣለት በሴትዮዋ ድምፅ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ማይ ዲር» ይለኛል። በራሳቸው ድምፅ ነው የምላችሁ፤ ሳላቸው እንኳ አልቀረም። ቆሜ አለቅሳለሁ። እንዴት አድርጌ ነው ለሰው የምሰጠው? የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ለምንድን ነው የሚነክሰኝ?

ግራጫ ላባ (ሲያትል)

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሮቤልን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ለሴትዮዋም ነፍስ ይማር። ሐዘኑ ያንቺ ብቻ አይደለም፤ ቻርሊም ሰው ሞቶበታል። ከዚያ ላይ ቤቱም ተቀየረበት።

እኔ ከዚሁ ዓይነት ወፍ ጋር 11 ዓመት ኖሬአለሁ። ቀኝ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የመጀመሪያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የገባኝ ነገር፣ በቀቀን ድንገት አይነክስም። ንክሻ የመጨረሻ ቃሉ ነው። ከዚያ በፊት ሦስት አራት ጊዜ ተናግሯል፤ አልሰማነውም።

ዓይኑን እዪው። ብሌኑ ጠበብ ሰፋ፣ ጠበብ ሰፋ ካለ ስሜቱ ግሏል። ደስታም ሊሆን ይችላል፣ ቁጣም፤ በዚያ ሰዓት ግን እጅ አይዘረጋለትም። የማጅራቱ ላባ ከቆመ፣ ጅራቱ እንደ ማራገቢያ ከተከፈተ፣ ወደ ኋላ ከሸሸ፣ ምንቃሩን ገርበብ ካደረገ፣ «አትምጪ» እያለሽ ነው። ላባውን በሙሉ አጣብቆ ቀጥ ካለና ከቀጠነ ደግሞ ፈርቷል። ግራጫዎቹ በጣም ድንጉጦች ናቸው። የኔው አዲስ መጋረጃ ፈርቶ ሦስት ቀን ከኬጁ አልወጣም።

ሌላም አለ። ምንቃሩ እጁም ነው። እጅሽ ላይ ሊወጣ ሲል ጎንበስ ብሎ በምንቃሩ ያዝ ያደርግሻል፤ ይችለኛል ወይ ብሎ መፈተኑ ነው። ብዙ ሰው ያኔ ደንግጦ እጁን ይስባል። ወፉ ይንገዳገዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ላለመውደቅ አጥብቆ ይይዛል። እኛ «ነከሰኝ» እንላለን። መጀመሪያ ላይ ነከሰኝ ብዬ ከማለቅሰው ግማሹ ይህ ነበር።

እስቲ እነዚህን መልሺልኝ። ኬጁ የት ነው ያለው? የሚነክስሽ በስንት ሰዓት ነው? ስንት ሰዓት ይተኛል? ምን ይበላል? ሲነክስሽስ ምን ታደርጊያለሽ?

አቤል 22 (አዲስ አበባ)

እኛ ሰፈር አንድ አባት በቀቀን ነበራቸው። ሲነክስ ምንቃሩን በጣታቸው መታ ያደርጉትና «ተው!» ይሉታል። ክንፉንም ይከረክሙታል። እንስሳ ጌታውን ማወቅ አለበት። እህቴ፣ ዛሬ ጣት ነው፣ ነገ ዓይን ነው። ለልጅሽ ስትይ ጨከን በይ።

ሐኪመ እንስሳት (ቢሾፍቱ)

አቤል፣ ለልጁ ማሰብህ ልክ ነው። ምክርህ ግን ነገሩን ያባብሰዋል።

ውሻ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ከሰው ጋር ኖሯል። በቀቀን ሰው ቤት ቢፈለፈልም ጠባዩ ዱር ካለው ዘመዱ ብዙም አልራቀም። ታዳኝ ነው፤ ጭልፊት ከላይ ወርዶ ይወስደዋል። እጅ መጥቶ ምንቃሩን ሲመታው «ጥፋቴ ይህ ነው» አይልም። እጅ የሚያሳምም ነገር መሆኑን ብቻ ይይዛል። ከዚያ በኋላ እጅ ባየ ቁጥር ቀድሞ ይነክሳል። ምልክት ማሳየቱን ራሱ ይተወዋል፤ ምልክቱ ምንም አልፈየደለትማ። አደገኛው ወፍ ያ ነው።

ክንፍ መከርከሙም ያው ነው። የፈራ ወፍ ይበራል ወይም ይነክሳል። መብረሩን ከወሰድንበት ምን ቀረው?

የሮቤል እናት፣ የልጁን ቁስል በሚፈስ ውኃና በሳሙና ደህና አድርገሽ እጠቢው። ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ካተኮሰው ሐኪም ይየው። የቴታነስ ክትባቱ ያልተቋረጠ መሆኑንም እዪ። ከበቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፍ ሲታኮሲስ የሚባል በሽታም አለ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከንክሻ ሳይሆን ከደረቀ ኩስ ከሚነሣው ብናኝ ነው። እንደ ጉንፋን ይጀምርና ሳንባን ይይዛል። በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ችግሩ ሐኪሙ ካልጠረጠረው ነው። ከቤታችሁ ሰው ትኩሳትና ሳል ከያዘው «ቤታችን በቀቀን አለ» በሉ። ኬጁን ስታጸጂም ወለሉን መጀመሪያ አርጥቢው።

ቻርሊንም ወፎችን የሚያክም ሐኪም ይየው። ወፍ ሕመሙን ይደብቃል። ጠባዩ የተለወጠ ወፍ አንዳንዴ የሚያመው ነገር አለ።

የሮቤል እናት

እግዜር ይስጥልኝ። ሮቤል ደህና ነው፤ ቁስሉ ትንሽ ነው።

ኬጁ ወጥ ቤት ነው፤ በማቀዝቀዣውና በምድጃው መሃል። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ሌላ ቦታ አጣሁ። ሴትዮዋ ቤት መስኮት አጠገብ ነበር፤ ውጭውን ሲያይ ይውል ነበር። ምግቡ የሱፍ ፍሬ ነው፤ ሌላ ስሰጠው ይጥለዋል። የሚተኛው እኛ ስንተኛ ነው። ቅዳሜና እሑድ ዘመድ ስለሚመጣ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል።

ሰዓቱን ስጽፍ አሁን ነው የገባኝ። የነከሰኝ ሁሉ ወይ ማታ ነው፣ ወይ እሑድ ቡና ሲፈላ። ቡናው ሲቆላ፣ ዕጣኑ ሲጨስ ክንፉን ያርገበግባል። ደስ ብሎት ይመስለኝ ነበር። ሲነክሰኝ «ተው!» ብዬ እጮሃለሁ። አሁን እሱም በኔ ድምፅ «ተው!» ማለት ጀምሯል።

ግራጫ ላባ

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ተይና ዛሬ ማታውኑ ኬጁን ከወጥ ቤት አውጪልኝ። እለምንሻለሁ።

ቴፍሎን መጥበሻ አላችሁ? ምግብ የማይዘው ዓይነት? እሳት ላይ ተረስቶ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ሰው ላያስተውለው ይችላል። አንድ ወዳጄ ሁለት ኮካቲየል (ትንንሽ የበቀቀን ዓይነት) ያጣው እንዲህ ነው፤ ሳሎን ቁጭ ብሎ ስልክ እያወራ። መጥበሻውን አስወግጂው። በብረት ወይም በሸክላ ጥበሺ።

ሐኪመ እንስሳት

ልክ ነው፤ ምክንያቱን ልጨምር። የወፍ ሳንባ እንደኛ አይደለም። አየሩ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል፤ ከሳንባው ጋር የተያያዙ የአየር ከረጢቶችም አሉት። ለመብረር ብዙ ኦክስጅን ስለሚያስፈልገው ነው። በዚያው መንገድ መርዙንም ከኛ አብልጦ ይስባል። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ጉድጓድ ሲገቡ ካናሪ ይዘው ይገቡ የነበረው ለዚህ ነው። ቡናው ሲቆላ የሚወጣው ጭስ፣ ዕጣኑ፣ የሚረጨው ሽቶ፣ ሲጋራው ሁሉ ይጎዳዋል። እሑድ እሑድ ክንፉን የሚያርገበግበው ሲጨንቀው ሊሆን ይችላል። ቡናችሁን አትተዉ። ቻርሊ በር የተዘጋበት ክፍል ይሁን፤ መስኮት ክፈቱ፤ ጭሱ ሲወጣ ይመለስ።

የሱፍ ፍሬ ብቻውን ጮማ ነው። ካልሲየምና ቫይታሚን ኤ ያንሰዋል፤ ግራጫዎቹ ደግሞ በካልሲየም እጥረት ይታወቃሉ። ፔሌት የሚባለውን የተዘጋጀ የወፍ ምግብ ቀስ በቀስ አልምጂው። ጎመን፣ ካሮት፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች ስጪው። ቃሪያም ስጪው፤ ወፎች ማቃጠሉ አይሰማቸውም። አቮካዶ፣ ቸኮላት፣ ቡና፣ ሽንኩርት ግን በፍጹም።

እንቅልፍም አለ። በየቀኑ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚደርስ ጨለማና ጸጥታ ያስፈልገዋል። እስከ እኩለ ሌሊት እንግዳ መሃል የዋለ ወፍ ባይነክስ ነው የሚገርመኝ።

ሂሩት (ሻርጃ)

የሮቤል እናት፣ ጽሑፍሽን ሳነብ አለቀስኩ። የራሴን ልንገርሽ።

ግራጫውን በቀቀን እዚህ ካስኮ ነው የሚሉት። መጀመሪያ የሠራሁበት ቤት አንድ ነበር። ልጆቹ በእርሳስ ይጎነትሉታል። ማጽዳቱ የኔ ሥራ ሆነ። እጄን ባስገባሁ ቁጥር ይነክሰኛል። ጓንት አጠለቅሁ፤ ጓንቱን ሲያይ ጭራሽ ባሰበት። ቋንቋ አላውቅም፣ አገሩ አዲስ ነው፣ የማወራው ሰው የለኝም። ማታ እጄን በፋሻ ጠቅልዬ ነበር የምተኛው።

አንድ ቀን ወለሉን እየጠረግሁ እናቴ እህል ስትፈጭ የምታንጎራጉረውን አንጎራጎርኩ። ወፉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደሱ ከመሄዴ በፊት አንጎራጉራለሁ። መጣሁ ማለቴ ነው። ድንገት አልመጣበትም።

ማጽዳቱንም ቀየርኩት። እሱ ውስጥ እያለ እጄን አላስገባም። ቤቱ ነዋ! በሩን እከፍትለታለሁ፤ ራሱ ወጥቶ ላዩ ላይ ይቀመጣል፤ ያኔ አጸዳለሁ። ከዚያ ከቪዲዮ ያየሁትን ጀመርኩ። ቀጭን እንጨት ከሩቅ አሳየዋለሁ። ጫፉን በምንቃሩ ነካ ሲያደርግ ግማሽ አልሞንድ እሰጠዋለሁ። በቀን አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። በሦስተኛው ወር እንጨቱን ተከትሎ የፈለግሁት ቦታ ይሄድልኝ ነበር፤ እጄ ሳይነካው። እጄ ላይ ለመውጣት ስምንት ወር ፈጀበት። በግድ አላወጣሁትም። እጄን ዘርግቼ እጠብቃለሁ፤ ካልመጣ እመልሰዋለሁ። እምቢታው እንደሚከበርለት ሲያውቅ መንከስ አላስፈለገውም።

አንቺ ስትጮኺ እሱ መልስ እየሰጡኝ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ሲነክስሽ አትጩኺ፤ እጅሽንም አትመንጭቂ፤ ይቀደዳል። ከተቻለሽ ወደሱ ገፋ አድርጊው፣ ይለቃል። ከዚያ ቀስ ብለሽ አስቀምጪውና ለአንድ ደቂቃ ዞር በዪ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ደሙ እየወረደ ዝም ማለት ከባድ ነው።

ኮንትራቴ አልቆ ስወጣ ያስለቀሰኝ እሱ ነው። አማርኛ ይችል ነበር። «ነይ፣ ነይ» ይላል። ያን ቤት የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። አሁን ማን ይመልስለት ይሆን እላለሁ።

ትዕግስት (ሚኒያፖሊስ)

እኔ የሰጠሁ ነኝ። ስለዚህ የኔም ይሰማ።

አማዞን በቀቀን ነበረን፤ አረንጓዴው። ባለቤቴ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ሳለ ልጃችን ልትስመው ተጠጋች፤ ከንፈሯን ነከሳት። ተሰፋች። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ እፈራው ጀመር። እየፈራሁት ምግብ እሰጠዋለሁ፤ ፍርሃቴን ያየዋል፤ ይብስበታል። ሕፃን የሌላቸው፣ ወፍ የሚያውቁ ባልና ሚስት አገኘን። አራት ጊዜ መጥተው አይተውት ነው የወሰዱት። ዛሬ ደህና ነው። ፎቶ ይልኩልኛል።

እህቴ፣ አደራ ማለት የግድ አንቺ ቤት ይኑር ማለት አይደለም። በደህና ይኑር ማለት ነው። ሞክሪ፣ ደግሞም ይሳካልሽ። ባይሳካ ግን ከዳሁ ብለሽ ራስሽን አትብዪ። እስከዚያው ሮቤልና ወፉ ለአንድ ደቂቃም ብቻቸውን አይሁኑ። ትከሻሽም ላይ አታስቀምጪው። ትከሻ ላይ ሆኖ ዓይኑን አታዪውም፤ እሱ ግን ለዓይንሽ ቅርብ ነው።

አቤል 22

ሐኪም፣ አመሰግናለሁ። እኔ የማውቀው ያየሁትን ነበር። የእኚያ አባት ወፍ እስኪሞት ድረስ ሰው እንደነከሰ ነው፤ አሁን ሳስበው። እኔም አንድ ማሳደግ ሁሌም ያምረኝ ነበር። አዲስ አበባ የሚሸጥ ታውቃላችሁ?

የጉለሌው (አዲስ አበባ)

አቤል ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት አንድ ጠዋት ወደ እንጦጦ ውጣ።

ጥዶቹ ውስጥ ትንንሽ አረንጓዴ ወፎች በቡድን ሆነው እየተንጫጩ ያልፋሉ። ባለ ጥቁር ክንፉ በቀቀን ነው። የሚገኘው ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ነው። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፤ ሴቷ ሙሉ አረንጓዴ ናት። የጥድ ፍሬና ሾላ ይበላሉ። ግንባረ ቢጫ በቀቀንም አለን፤ እሱ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ስንቱ ሰው ያውቃል? በየመንገዱ በካርቶን የሚሸጥ ካየህ ከዱር የተያዘ ሊሆን ይችላል። የተጠመደ ወፍ ሰውን ዕድሜ ልኩን ይፈራል። ስለ ንክሻ እያወራን አይደል? የዚያን ንክሻ ማንም አይፈታውም።

ግራጫዎቹን የጨረሳቸው ይኸው ነው። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ጫካ በገፍ ተያዙ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ በተደረገው የሳይቴስ (ሊጠፉ የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ጉባኤ ከዱር የተያዙትን ለንግድ ከአገር አገር ማሻገር የተከለከለው ለዚህ ነው። እባክህ አትግዛ። ና፣ አብረን እንይ። መነጽር አለኝ።

አቤል 22

ቅዳሜ ይመቸኛል።

የሮቤል እናት (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ላሳውቃችሁ ብዬ ነው።

ኬጁ ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ሆኗል። ባለቤቴ ነው ሶፋውን ያነሣልኝ። መጥበሻውን ጥያለሁ። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን መኝታ ቤት በትንሿ ኬጅ አስተኛዋለሁ፤ ዘመድ ቢኖርም ባይኖርም። አክስቴ መጀመሪያ ቅር አላት፤ አሁን እሷው ናት «ወፉ ይተኛ» የምትል።

ሐኪሙ ካልሲየሙ ዝቅ ማለቱን በደም ምርመራ አይቶ መድኃኒት ሰጠን። ጎመን አይነካም ነበር። አንድ ቀን እኔ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ስበላ ጠየቀኝ። ከእጄ ሳይሆን ከሳህኑ ላይ ሰጠሁት።

በሦስት ሳምንት ሁለት ጊዜ ነክሶኛል። ሁለተኛውን አይቼዋለሁ፤ ላባው ቆሞ ነበር፣ እኔ ቸኩዬ ነበር። አልጮህኩም።

ግራጫ ላባ

አልጮህኩም ያልሽው ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አሜሪካ ውስጥ አሌክስ የሚባል ግራጫ በቀቀን ነበር። አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ገዝተው 30 ዓመት አስተማሩት፤ በ2007 ሞተ። ቀለምና ቅርጽ ይለይ ነበር፣ ይቆጥር ነበር። እኔ የምወድለት ግን ትምህርቱ ሲሰለቸው «መመለስ እፈልጋለሁ» ማለቱን ነው። በእንግሊዝኛ ይላታል፣ ወደ ኬጁ ይመልሱታል። እምቢ የሚልበት ቃል ነበረው። ለቻርሊም አንድ ቃል ምረጪለት። ወደ ኋላ ሲል ባየሽ ቁጥር ያን ቃል እያልሽ እጅሽን መልሺ።

የሮቤል እናት (ከሁለት ወር በኋላ)

«በቃ» የሚለውን መርጬለት ነበር። ቻርሊ እስከ አሁን አልተናገረውም። የሚናገረው ሮቤል ነው። ከጎኔ ቆሞ ያየዋል፤ እኔ ያላየሁትን ያያል። «እማ፣ በቃ ብሏል» ይለኛል። እጄን እመልሳለሁ።

የሮቤል ሥራ ካርቶን መቅደድ ሆኗል። ትንንሽ እያደረገ በኬጁ በር አጠገብ በሳህን ያስቀምጥለታል፤ ቻርሊ ያደቅቀዋል። በሽቦው ጣት ማስገባት የለም። ባለቤቴም «ሰው ፈልጊለት» ያለውን አልደገመውም። ማታ ጨርቁን የሚያለብሰው እሱ ነው።

ጠዋት አሁንም በእሳቸው ድምፅ ነው የሚጠራኝ። አሁን እመልስለታለሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አንገቱና ራሱ ላይ እሾህ የመሰለ ነገር ወጥቶበታል፤ ሲነካ ይቆጣል፤ ትናንት ነከስ አደረገኝ። ምንድን ነው?

ግራጫ ላባ

አዲስ ላባ እያበቀለ ነው። እሾህ የመሰለው ገና ያልተከፈተው ላባ ነው፤ ውስጡ ደም አለ፣ ሲጫኑት ያመዋል። ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውኃ በመርጫ ከላይ እንደ ካፊያ አድርጊለት። ጫፋቸው ነጭና ደረቅ ሲሆን ራሱን ዝቅ አድርጎ እከኪልኝ ይልሻል። እስከዚያ አትንኪው።

ሂሩት

ሲያጎነብስልሽ ጻፊልን።